አንጋፋ ኮከብ ለማምጣት ምን ያህል መክፈል ይገባል? ዋንጫ ለሚያሳድድ የኤንቢኤ ቡድን የንጽጽር መመሪያ

ዋንጫ ለማንሳት ጥቂት የቀረው የኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድን በየዓመቱ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ስሙ የገነነ፣ ዕድሜው ግን ሠላሳን የተሻገረ ኮከብ ለማምጣት ወጣት ተጫዋቾቹንና የወደፊት የድራፍት ምርጫዎቹን (በየዓመቱ ወደ ሊጉ ከሚገቡ አዳዲስ ተጫዋቾች በተራ የመምረጥ መብቱን) አሳልፎ ይስጥ ወይስ ባለው ይታገስ? ታሪክ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው። ቦስተን ሴልቲክስ በ2007 ሁለት አንጋፋ ኮከቦችን በልውውጥ አምጥቶ በዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ብሩክሊን ኔትስ ደግሞ በ2013 ከዚሁ ከቦስተን፣ የዚያ ዋንጫ ባለቤት ከሆኑት ተጫዋቾች ሁለቱን ወስዶ ለዓመታት ሊያገግም ያልቻለበት ውድቀት ውስጥ ገባ። ይህ መመሪያ መመዘኛዎቹን ካስቀመጠ በኋላ አንድ ቡድን ያሉትን አምስት መንገዶች በእነሱ ይመዝናል። የቡድን መሪም ሆነ የሚወደውን ቡድን ውሳኔ በራሱ መመዘን የሚፈልግ ተመልካች ሊጠቀምበት ይችላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የክፍያው ሥርዓት

በእግር ኳስ እንደለመድነው ለሌላ ክለብ የዝውውር ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋች መውሰድ በኤንቢኤ የተለመደ መንገድ አይደለም። ዋናው መክፈያ ተጫዋችና የድራፍት ምርጫ ነው፤ የደመወዝ ጣሪያውን፣ ማለትም ሊጉ ለአንድ ቡድን ጠቅላላ ደመወዝ ያወጣውን ወሰን፣ ያለፈ ቡድን ደግሞ የሚቀበለው ደመወዝ ከሚሰጠው ጋር የተቀራረበ እንዲሆን ሕጉ ያስገድደዋል። ስለዚህ ትልቅ ደመወዝ ያለውን ኮከብ የሚፈልግ ቡድን ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ተጫዋች በአንድ ጊዜ ያጣል።

የድራፍት ምርጫ ዋጋም ቋሚ አይደለም። ደካማ ውጤት ያለው ቡድን በድራፍቱ ቀዳሚ ዕድል ስለሚያገኝ፣ አንድ ቡድን አሳልፎ የሰጠው ምርጫ እጅግ ውድ የሚሆነው ራሱ ሰጪው ሲወድቅ ነው። አንጋፋ ተጫዋቾችን ለማምጣት ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ የሚደርሱ ምርጫዎችን የሚሰጥ ቡድን፣ ተጫዋቾቹ ጫማቸውን በሚሰቅሉበት፣ እሱም በሚዳከምበት ወቅት የሚደርሰውን ፍሬ ነው የሚሰጠው። ሕጉ የሁለት ተከታታይ የወደፊት ዓመታትን የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ሙሉ በሙሉ መስጠትን ቢከለክልም፣ ቡድኖች በመካከል ባለው ዓመት ምርጫን የመለዋወጥ መብት (ተቀባዩ ከሁለቱ ቡድኖች ምርጫ የተሻለውን የሚወስድበት) በመስጠት ክልከላውን ያልፉታል።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚከብደው መመዘኛ፣ በእኔ ግምት፣ ከልውውጡ በኋላ በቡድኑ ውስጥ የሚቀረው ማን ነው የሚለው ነው። አብዛኛው ክርክር በሚመጣው ኮከብ ላይ ያተኩራል፤ ውጤቱን ሲወስን የታየው ግን ኮከቡን የሚቀበለው ቡድን አቋም ነው። ለዋንጫ የሚበቃ ዋና ተጫዋች፣ ተቀናቃኝን የሚይዝ ተከላካይና ከውጭ የሚያስቆጥር ተኳሽ ከልውውጡ በኋላም ካሉ፣ አንጋፋው የጎደለውን ይሞላል። እነሱ የልውውጡ ዋጋ ሆነው ከሄዱ ግን አዲሱ ኮከብ የመጣበት ምክንያት አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው መመዘኛ ዕድሜ ነው፤ ነገር ግን የልደት ቀን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ማቀበል፣ የርቀት ተኩስና በመከላከል ጊዜ ትክክለኛ ቦታ መያዝ ከዕድሜ ጋር ቀስ ብለው የሚቀንሱ ችሎታዎች ናቸው። በፍጥነት፣ በዝላይና በሰውነት ክብደት ላይ የቆመ ጨዋታ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ቀጥሎ የማይመለሰው ዋጋ ይታያል፤ ምርጫዎቹ ስንት ናቸው፣ የየትኛው ዓመት ናቸው፣ ቡድኑ ከወደቀ እንዳይተላለፉ የሚያደርግ ገደብ ተበጅቶላቸዋል ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። በመጨረሻም የተጫዋቹ ውል ርዝመትና መውጫው ይመረመራል።

አንደኛው መንገድ፦ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ላለ ኮከብ ብዙ መክፈል

የዚህ መንገድ ምርጥ ምሳሌ ቦስተን ነው። በ2006–07 ቡድኑ ያሸነፈው 24 ጨዋታ ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዳኒ ኤይንጅ በድራፍቱ ምሽት አምስተኛውን ምርጫና ሁለት ተጫዋቾችን ለሲያትል ሰጥቶ ሬይ አለንን አመጣ፤ በጁላይ መጨረሻ ደግሞ አል ጄፈርሰንን ጨምሮ አምስት ተጫዋቾችንና ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን ለሚኒሶታ ሰጥቶ ኬቨን ጋርኔትን ወሰደ። ውድድሩ ሲጀመር ጋርኔት 31፣ አለን 32፣ ፖል ፒርስ 30 ዓመታቸው ነበር። ቡድኑ 66 ጨዋታ አሸንፎ በፍጻሜው፣ ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ በሚረታበት ተከታታይ ግጥሚያ፣ ሌከርስን 4 ለ 2 ረታ።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሁሉ የሦስቱን ኮከቦች ስም ይጠራሉ። እኔ ይበልጥ የማደንቀው ያልተሰጡትን ነው። ፒርስ ቀረ፤ ገና ወጣት የነበሩት ራጆን ሮንዶና ኬንድሪክ ፐርኪንስም ቀሩ። የተሰጠው ጄፈርሰን ጥሩ ተጫዋች ቢሆንም በጋርኔት ቦታ የሚጫወት ስለነበር፣ ቡድኑ በሌላ ቦታ ቀዳዳ አልከፈተም። ጋርኔት የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሲባል ቡድኑን የለወጠው በነጥብ ብዛት ብቻ እንዳልነበረ ታየ። ዋጋውም በኋላ ተከፈለ፤ ጋርኔት በ2009 በጉልበት ጉዳት ከፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ከሚደረገው የዋንጫ ፉክክር) ውጪ ሆነ፣ በ2010 ቡድኑ በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ በሌከርስ ተሸነፈ፣ ሁለተኛ ዋንጫም አልመጣም። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለን ኮከብ የሚያመጣ ቡድን የሚገዛው የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ዕድል መሆኑን ከዚህ መረዳት ይገባል።

ሂውስተን ሮኬትስ ንጽጽሩን በአንድ ቡድን ውስጥ ያሳየናል። በፌብሩዋሪ 1995፣ የወቅቱ ሻምፒዮን ሳለ፣ ኦቲስ ቶርፕን ሰጥቶ የ32 ዓመቱን ክላይድ ድሬክስለርን ከፖርትላንድ አመጣ። ሐኪም ኦላጁዎን፣ ሮበርት ሆሪ፣ ሳም ካሴልና ኬኒ ስሚዝ በቦታቸው ነበሩ። ቡድኑ ሊጉ ከተከፈለባቸው ሁለት ኮንፈረንሶች አንዱ ከሆነው ከምዕራቡ ስድስተኛ ሆኖ ቢገባም ዋንጫውን ደገመው፤ በፍጻሜው ኦርላንዶን 4 ለ 0 አሸነፈ። በኦገስት 1996 ይኸው ቡድን የ33 ዓመቱን ቻርልስ ባርክሌይን ለማምጣት ካሴልንና ሆሪን ከሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ጋር ለፊኒክስ ሰጠ። በስም ካየነው የሁለተኛው ልውውጥ ቡድን ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ሆኖም በ1997 የምዕራብ ፍጻሜ በዩታ 4 ለ 2 ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ባርክሌይ ከሂውስተን ጋር ከመጀመሪያው ዙር አላለፈም። ሆሪ ግን ከሌከርስና ከሳን አንቶኒዮ ጋር አምስት ተጨማሪ ዋንጫ አነሳ።

ሚልዋኪ ባክስም ሁለቱንም ገጽ አይቷል። በ2020 ብዙ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ከፍሎ የ30 ዓመቱን ጅሩ ሆሊዴይን አመጣና በ2021 ከ1971 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘ። በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ ያንኑ ሆሊዴይን ከ2029 ምርጫና ከሌሎች መብቶች ጋር ሰጥቶ የ33 ዓመቱን ዴሚያን ሊላርድን ወሰደ። ሊላርድ ከሆሊዴይ እጅግ የሚበልጥ አስቆጣሪ ነው፤ ያኒስ አንቴቶኩንምፖ አጠገብ ሲቆም የሚፈጥረው አስፈሪነትም እውነት ነበር። ከቡድኑ የወጣው ግን የተቀናቃኝን ምርጥ ተጫዋች በየምሽቱ የሚይዘው ሰው ነው። ሆሊዴይ በቀናት ውስጥ ወደ ቦስተን ተዛውሮ በ2024 ሻምፒዮን ሆነ። ሚልዋኪ በ2024ም በ2025ም በመጀመሪያው ዙር በኢንዲያና ተሰናበተ፤ ሊላርድም በሁለተኛው ዓመት ፕሌይኦፍ የአኪሊስ ጅማቱ ተበጠሰ።

ሁለተኛው መንገድ፦ 34 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ታላቅ ስም መክፈል

በፌብሩዋሪ 2008 ሦስት የምዕራብ ቡድኖች በሦስት ሳምንት ውስጥ ትልልቅ ልውውጥ አደረጉ። ሌከርስ የ27 ዓመቱን ፓው ጋሶልን ከሜምፊስ ወሰደ። ፊኒክስ የ35 ዓመቱን ሻኪል ኦኒልን ከማያሚ አመጣ። ዳላስ የ34 ዓመቱን ጄሰን ኪድን ከኒው ጀርሲ ኔትስ አመጣ። ሌከርስ በዚያው ዓመት ለፍጻሜ ደርሶ በ2009 እና በ2010 ዋንጫ ማንሳቱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ጋሶል በጉልምስናው ጫፍ ላይ የነበረ ተጫዋች ነው።

የሚያስተምረው የሌሎቹ ሁለቱ ልዩነት ነው። ፊኒክስ በስቲቭ ናሽ መሪነት በፍጥነት በመሮጥ የሚታወቅ ቡድን ነበር፤ ለኦኒል የሰጠው ደግሞ ከሯጮቹ ዋናውንና ብዙ ቦታ መከላከል የሚችለውን ሾን ማሪዮንን ነው። በዚያው ዓመት በመጀመሪያው ዙር በሳን አንቶኒዮ 4 ለ 1 ተሸነፈ፣ በቀጣዩ ዓመት ፕሌይኦፍ ሳይገባ ቀረ፣ ኦኒልም ወደ ክሊቭላንድ ተላከ። ዳላስ ለኪድ ወጣቱን ዴቪን ሃሪስንና ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን በመክፈሉ በጊዜው ክፉኛ ተተችቷል፤ በመጀመሪያው ዙርም በኒው ኦርሊንስ ወድቋል። ነገር ግን ዲርክ ኖዊትዝኪና ጄሰን ቴሪ በቦታቸው ነበሩ፤ የኪድ ጨዋታም በዕይታና በማቀበል ላይ የቆመ ነበር። ማሪዮን በ2009፣ ታይሰን ቻንድለር በ2010 ተጨመሩና በ2011 ኪድ በ38 ዓመቱ የሻምፒዮኑ ቡድን መነሻ ተጫዋች ሆነ። በአንደኛው ዓመት ውጤት ብቻ ቢመዘን ኖሮ ሁለቱም ልውውጦች እኩል የከሸፉ ይመስሉ ነበር።

የብሩክሊን ኔትስ ጉዳይ የዚህ መንገድ ከባዱ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2013 ጋርኔት 37፣ ፒርስ ደግሞ 36 ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት ነበር። ለእነሱና ለጄሰን ቴሪ ቡድኑ የ2014፣ የ2016 እና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን ያለ ምንም ገደብ ሰጠ፤ በ2017 ምርጫን የመለዋወጥ መብትም ጨመረ። በሜዳ ላይ የተገኘው 44 ድልና በሁለተኛው ዙር በማያሚ 4 ለ 1 መሸነፍ ነው። ፒርስ በዓመቱ ወደ ዋሽንግተን ሄደ፤ ጋርኔት በፌብሩዋሪ 2015 ወደ ሚኒሶታ ተመለሰ። ኔትስ በ2015–16 21፣ በ2016–17 ደግሞ 20 ጨዋታ ብቻ ሲያሸንፍ የውድቀቱን ፍሬ የለቀመው ቦስተን ነበር። የ2016ቱ ምርጫ ጄይለን ብራውን ሆነ፤ የ2017ቱ አንደኛ ምርጫ ከፊላደልፊያ ጋር ተለዋውጦ ጄሰን ቴተምን አስገኘ። ሁለቱ በ2024 ለቦስተን ዋንጫ አመጡ። የኔትስ ባለቤቶች ገንዘብ አልቸገራቸውም፤ የደመወዝ ወጪው ከተወሰነ መጠን ያለፈ ቡድን የሚከፍለውን የቅንጦት ግብርም በብዛት ከፍለዋል። ያጡት ገንዘብ የማይመልሰውን ዓመታት ነው።

ፊኒክስ በፌብሩዋሪ 2023 ለ34 ዓመቱ ኬቨን ዱራንት የከፈለውም በዚሁ ክፍል ውስጥ ይገባል። ሚካል ብሪጅስ፣ ካም ጆንሰን፣ ጄ ክራውደርና አራት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ሄዱ። ዱራንት ራሱ አላሳፈረም፤ ተኩሱ ዕድሜ የማይገዛው ዓይነት ነው፣ ነጥቡንም እንደ ቀድሞው አስቆጥሯል። ይሁንና ከዴቪን ቡከር ጎን የነበሩት ተከላካዮችና ተኳሾች አልነበሩም፤ በዚያ ላይ ብራድሊ ቢል ከነትልቅ ውሉና ልውውጥን የመከልከል መብቱ ሲጨመር ቡድኑ መንቀሳቀሻ አጣ። በ2024 በመጀመሪያው ዙር በሚኒሶታ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በ2024–25 ከሊጉ ሁሉ ከፍተኛውን ወጪ ይዞ 36 ጨዋታ ብቻ አሸነፈና ፕሌይኦፍ አልገባም።

ሦስተኛው መንገድ፦ የጎደለውን አንድ ቦታ በውድድሩ መካከል መሙላት

ይህ መንገድ የሚስማማው ራሱን በሚገባ ለሚያውቅ ቡድን ነው፤ በእኔ ሚዛን ከአምስቱ የተሻለ ውጤት በአነስተኛ ዋጋ የተገኘበትም ይኸው ነው። ዲትሮይት በፌብሩዋሪ 2004 የ29 ዓመቱን ራሺድ ዋላስን ሲያመጣ ቻውንሲ ቢልአፕስን፣ ሪቻርድ ሃሚልተንን፣ ቴሾን ፕሪንስንና ቤን ዋላስን አልነካም፤ በጁን ሻምፒዮን ሆነ። ቶሮንቶ በፌብሩዋሪ 2019 የ34 ዓመቱን ማርክ ጋሶልን ለማምጣት ዮናስ ቫላንቹናስን፣ ሁለት ሌሎች ተጫዋቾችንና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ብቻ ከፈለ፤ ጋሶል በፕሌይኦፍ የፊላደልፊያውን ግዙፍ ጆኤል ኤምቢድን ለመያዝ የሚያስፈልገው ሰው ነበር። ሚልዋኪም በማርች 2021 የ35 ዓመቱን ፒ.ጄ. ተከርን ሲወስድ ነጥብ እንዲያስቆጥር አልፈለገውም፤ በሁለተኛው ዙር ሰባት ጨዋታ ሙሉ ዱራንትን ሲታገል የታየው ለዚያ ነው።

የሦስቱም ተመሳሳይነት ቡድኑ በፕሌይኦፍ የሚገጥመውን ተቀናቃኝ በስም አውቆ፣ ለእሱ የሚሆን ሰው መፈለጉ ነው። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ ዋና ኮከብ የሌለው ቡድን በዚህ መንገድ ዋንጫ አያገኝም።

አራተኛው መንገድ፦ ያለ ልውውጥ የሚመጣ አንጋፋ

ውሉ የተቋረጠ ወይም ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ዋንጫ የሚፈልግ ተጫዋች ምርጫም ወጣትም አያስከፍልም። ቦስተን በ2008 መጀመሪያ ፒ.ጄ. ብራውንንና ሳም ካሴልን የጨመረው በዚህ ሁኔታ ነው። ነገር ግን እንዲህ ዓይነቱን ተጫዋች ዋና ምሰሶ ማድረግ ስህተት ነው። ሌከርስ በ2003 የ40 ዓመቱን ካርል ማሎንንና የ35 ዓመቱን ጋሪ ፔይተንን በርካሽ አስፈርሞ ለፍጻሜ ቢደርስም፣ ማሎን ተጎድቶ ቡድኑ በዲትሮይት 4 ለ 1 ተሸነፈ።

አምስተኛው መንገድ፦ መታገስ

ኦክላሆማ ሲቲ በ2019 ፖል ጆርጅን ለክሊፐርስ ሲሰጥ የተቀበለው ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደርን፣ አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችንና የመለዋወጥ መብቶችን ነው። ከእነዚያ ምርጫዎች አንዱ ጄይለን ዊልያምስ ሆነ። ቡድኑ በ2025 ሻምፒዮን ሲሆን ጊልጀስ-አሌክሳንደር የሊጉም የፍጻሜውም ምርጥ ተጫዋች ተባለ። መታገስ ግን እጅ ማጣጠፍ አልነበረም፤ ጊዜው ሲደርስ በ2024 ጆሽ ጊዲን ሰጥቶ የ30 ዓመቱን ተከላካይ አሌክስ ካሩሶን ወስዷል። ይህ መንገድ በመካከሉ ብዙ ሽንፈትን የሚችል ከተማና ሥራ አስኪያጁን የማያባርር ባለቤት ይጠይቃል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | ዋናው ዋጋ | የተሳካበት | ያልተሳካበት | ዕድሉ የሚቆየው |
|---|---|---|---|---|
| በ30ዎቹ መጀመሪያ ያለ ኮከብ | ወጣቶችና ብዙ ምርጫ | ቦስተን 2007፣ ሂውስተን 1995፣ ሚልዋኪ 2020 | ሂውስተን 1996፣ ሚልዋኪ 2023 | 2–3 ዓመት |
| 34ና ከዚያ በላይ የሆነ ታላቅ ስም | ምርጫና ረጅም ውል | ዳላስ 2008 | ፊኒክስ 2008 እና 2023፣ ብሩክሊን 2013 | 1–2 ዓመት |
| አንድ ቦታ የሚሞላ አንጋፋ | የተጠባባቂ ተጫዋቾች፣ ጥቂት ምርጫ | ዲትሮይት 2004፣ ቶሮንቶ 2019፣ ሚልዋኪ 2021 | ዋና ኮከብ በሌለበት ሁሉ | በአብዛኛው ያው ዓመት |
| ያለ ልውውጥ የሚመጣ | አነስተኛ ደመወዝ | ቦስተን 2008 (በደጋፊነት) | ሌከርስ 2003 (በምሰሶነት) | አንድ ዓመት |
| መታገስ | ጊዜና ሽንፈት | ኦክላሆማ ሲቲ 2025 | ድራፍቱ ያልሰመረለት | ረጅም |

ለየትኛው ቡድን የትኛው?

ከሊጉ አምስት ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ያለውና ባለፈው ዓመት ለኮንፈረንስ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን ሦስተኛውን መንገድ ይያዝ። የተሸነፈበትን ተከታታይ ጨዋታ መልሶ ይመልከት፣ የጎደለውን አንድ ችሎታ ይለይ፣ ለእሱ ብቻ ይክፈል። ዋና ኮከቡ በውሉ መጨረሻ ላይ ሆኖ ለመሄድ የሚያመነታ ከሆነ ግን የአንደኛው መንገድ ዋጋ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሚልዋኪ ሆሊዴይን ያመጣው አንቴቶኩንምፖ አዲስ ውል ለመፈረም በሚወስንበት ወቅት ነበር፣ እሱም በሳምንታት ውስጥ ፈርሟል።

ባለጠጋ ባለቤት ያለው ቡድን ገንዘቡ ሁሉን ይፈታል ብሎ እንዳያስብ አጥብቄ እመክራለሁ። በ2023 የጸደቀው የሊጉ ስምምነት ሁለተኛው አፕረን የሚባለውን የወጪ ድንበር ያለፈ ቡድን የሁለትና የሦስት ተጫዋች ደመወዝ ደምሮ አንድ ኮከብ እንዳይቀበል፣ በሰባተኛው ዓመት ያለው የመጀመሪያ ዙር ምርጫውም እንዲታገድ አድርጓል። ስለዚህ ዛሬ የሚሳሳት ባለጠጋ ቡድን ስህተቱን በሌላ ልውውጥ የማረም ዕድሉ ከቀድሞው ያነሰ ነው። በትንሽ ከተማ ያለና ውላቸው ያለቀ ነፃ ተጫዋቾች የማይመርጡት ቡድን ደግሞ ምርጫዎቹ ከምንም በላይ ሀብቱ ናቸው፤ 34 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ተጫዋች አንድም ገደብ የሌለው የመጀመሪያ ዙር ምርጫ መስጠት የለበትም።

በመካከለኛ ደረጃ ላይ የሚዋዥቅ፣ ፕሌይኦፍ ገብቶ በመጀመሪያው ዙር የሚወጣ ቡድን በአንጋፋ ኮከብ የመፈተን ዕድሉ ከሁሉ ይበልጣል፤ ለእሱ የሚሻለው ግን አምስተኛው መንገድ ነው። ቦስተን በ24 ድል ላይ ሳለ ሁሉን ሰጠ የሚለው መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሆኖም ያ ቡድን ፒርስ በጉዳት ብዙ ጨዋታ ያመለጠው፣ ለሁለት ልውውጥ የሚበቃ ወጣት ያከማቸና ከሁለቱም በኋላ ሮንዶና ፐርኪንስ የቀሩለት ነበር። እነዚህን ሦስት ነገሮች በእጁ ያልያዘ ቡድን ራሱን ከቦስተን ጋር ማነጻጸር የለበትም።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ ከመፈረሙ በፊት የሚጠየቁት ዝርዝሮች ተመሳሳይ ናቸው። ከኮከቡ የውል ማብቂያ በኋላ የሚደርስ ምርጫ ከተሰጠ፣ ቢያንስ ቡድኑ ከመጨረሻዎቹ ከሆነ እንዳይተላለፍ የሚያደርግ ገደብ ይደረግበት። የተጫዋቹ የሦስት ዓመት የጉዳት ታሪክ በቡድኑ ሐኪሞች ይመርመር። ውሉ የሚያበቃበት ዓመትና የተጫዋቹ ዕድሜ ጎን ለጎን ይጻፉ። ሚልዋኪ በጁላይ 2025 ሊላርድን ሲያሰናብት ቀሪውን 113 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በአምስት ዓመት ከፋፍሎ በደመወዝ ጣሪያው ላይ ለማስመዝገብ ተገዷል፤ ይህም ለማይሰለፍ ተጫዋች በየዓመቱ 22.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ማለት ነው።